ፈረሰኛ ውሃ እንዴት ይለያል? እንዴትስ ይታለፋል?

ፈረሰኛ ውሃ የሚባለው በክረምት ሞልቶ እየጋለበ የሚወርድ ወንዝ ነው። የጎጃሞቹ ወንዞች ጨሞጋ፣ ሙጋና ተምጫ ከጮቄ ተራራ ስለሚነሱ፣ ታች ፀሐይ ሆኖ ላይ ከዘነበ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል። የጠራው ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ካመጣ ወይም ከወደ ላይ ጉምጉምታ ከተሰማ ወዲያው ከወንዙ ውጡ።

ከመግባታችሁ በፊት ውሃው ዳር ድንጋይ አስቀምጡ፤ ከተዋጠ ሙላቱ ገና እየጨመረ ነው። ጭራሮም ውሃው ላይ ጣሉ፤ ዳር ዳሩን በእርምጃ ተከትላችሁ ካልደረሳችሁበት አትግቡ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናልና፣ ከጉልበት ያለፈ ፈጣን ውሃ ጎበዙንም ይጥላል።

ሰፋ ያለ መልካ (መሻገሪያ) ምረጡ። ጠባቡ ቦታ ያጓጓል፤ ጥልቁና ኃይለኛው ግን እሱ ነው። የፏፏቴ አናትማ ጨርሶ አይሞከርም። ጫማ አታውልቁ። ሸክሙን ቶሎ እንዲጣል በአንድ ትከሻ ብቻ ያዙት። ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ፣ ጠንካራ ዱላ ከፊት ትከሉ፣ በጎን ተራመዱ። አንድ እግር ሲነሳ ዱላውና ሌላው እግር አይነቃነቁ፤ እግርም አይጠላለፍ። ገመድ ወገብ ላይ ማሰር መጥፎ ልማድ ነው፦ ሰው ሲወድቅ ገመዱ ይወጠርና ከውሃው ሥር ይይዘዋል።

ውሃው ከወሰዳችሁ በጀርባ ተንሳፈፉ፣ እግራችሁን ወደ ታችኛው አቅጣጫ አስቀድሙ፣ በእጅ እየቀዘፋችሁ ወደ ዳር ውጡ። ጥልቅ ቦታ ላይ ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር በድንጋይ መሃል ይቀረቀራል። ዝናቡ ካባራ ትንንሹ ወንዝ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል።