ሲዲ ሊኑክስ ላይ ስትገለብጡ ሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው (ለኛ አገር ሲዲዎች)

ደብረ ማርቆስ በሉት ቡሬ፣ ሞጣ በሉት ፍኖተ ሰላም፣ ቴሌቪዥን ስር ያለው መሳቢያ ቢከፈት ሲዲ ማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው። ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል፣ ሲዲው ግን አልተጣለም። ወደ ፋይል ልቀይረው ብሎ ሚነሳ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሚያገኘው መመሪያ ባብዛኛው ኦሪጅናል ሲዲ ከሱቅ ለገዛ ፈረንጅ የተፃፈ ነው፣ የኛ ደሞ ብዙው ኮፒ ነው፣ ቪሲዲ (የቪዲዮ ሲዲ) አለበት፣ ሽፋኑና ውስጡ ማይተዋወቅም አለ። ስለዚ ሊኑክስ አይሰራም ብላችሁ ከመማረራችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ያለው ዲስክ ምን እንደሆነ ለዩ፣ ግማሹ ችግር እዛው ላይ ያልቃል።

"ማውንት አላደርግም" ይላል

ማውንት ማለት ዲስኩን እንደ ፎልደር መክፈት ነው። ኦዲዮ ሲዲ ከሆነ ልክ ነው፣ ምንም አልተበላሸም። ኦዲዮ ሲዲ ፋይል ሲስተም ሚባል ነገር የለውም፣ ውስጡ ፋይልም ፎልደርም የለም፣ ድምፁ ብቻ ነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተዘረጋው፣ እያንዳንዱ ሰከንድ 75 ሴክተር፣ እያንዳንዱ ሴክተር 2352 ባይት። ፋይል ማናጀሩ ውስጥ ዌቭ (የድምፅ) ፋይል መስሎ ሚታያችሁም ዴስክቶፑ ለናንተ ብሎ የሰራው ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ ሚፃፍበት መስኮት) ከፍታችሁ ሲዲፓራኖያ ሚባለውን ኦዲዮ ሲዲ ማንበቢያ በካፒታል ኪው አስነሱት (cdparanoia -Q)፣ የትራኮቹን ዝርዝር ከነርዝመታቸው ካወጣ ኦዲዮ ሲዲ ነው ማለት ነው፣ ከዛ ኤቢሲዲኢ (abcde) ሚባለውን መገልበጫ ጭናችሁ ጥራት ወደማይቀንሰው ፍላክ ማስገልበጥ ነው። አንድ ሙሉ ሲዲ በፍላክ ከ250 እስከ 400 ሜጋባይት ቢይዝ ነው፣ ሃርድ ዲስክ ይሞላብኛል ብላችሁ ወደ ኤምፒ3 አትሩጡ።

ፐርሚሽን ዲናይድ ካለ ዩዘራችሁ ሲዲሮም ሚባለው ግሩፕ ውስጥ የለም፣ ጨምሩትና ሎግ አውት ብላችሁ ግቡ። ቢዚ ነው ካለ ዴስክቶፑ ራሱ ዲስኩን ይዞታል፣ ፋይል ማናጀሩ ላይ አንማውንት አርጉት (ኢጀክት አይደለም)፣ አውቶፕሌይንም አጥፉ።

ኦዲዮ ትራክ የለም ይላል፣ ቴፑ ግን ያጫውተው ነበር

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ኤምፒ3 ሲዲ ነው፣ ያ "100 ምርጥ ዘፈኖች" እየተባለ ሚሸጠው። ይሄ ተራ ዳታ ዲስክ ስለሆነ ሪፕ (በፕሮግራም ማውጣት) ሚባል ነገር አያስፈልገውም፣ በማውዝ ኮፒ ፔስት።

ሁለተኛው ቪሲዲ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ሰው ሚቸገረው። ስትከፍቱት ኤምፔግኤቪ ሚል ፎልደር አለ፣ ውስጡ መጨረሻቸው ዳት የሆነ ትላልቅ ፋይሎች፣ ኮፒ ስታረጓቸው ኢንፑት አውትፑት ኤረር ይላል፣ ሰው ደሞ ወዲያው "ተቧጭሯል" ብሎ ይጥለዋል። አልተቧጨረም! ቪሲዲ ቪዲዮውን ለማብቃቃት ሲል ለስህተት ማረሚያ ሚቀመጠውን ቦታ ራሱ ለቪዲዮ ይጠቀምበታል፣ አንዱ ሴክተር 2324 ባይት ዳታ ይይዛል፣ ኮምፒውተሩ ግን እንደ ተራ ዳታ ዲስክ 2048 እየጠበቀ ስለሚያነብ ይጋጫሉ። ቪሲዲኢሜጀር ሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ፣ ውስጡ ቪሲዲኤክስሪፕ አለ፣ እሱ ዲስኩን በራሱ መንገድ አንብቦ ንፁህ የኤምፔግ ፋይል ያወጣል። ድምፁን ብቻ ከፈለጋችሁ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው መቀየሪያ ፕሮግራም ቪዲዮውን አስጥላችሁ ድምፁን ሳትቀይሩ ኮፒ አስደርጉት። የቪሲዲ ድምፅ ኤምፒ2 በ224 ኪሎቢት ነው፣ ወደ ፍላክ ብትቀይሩት መጠኑ ያብጣል እንጂ ጥራቱ ቅንጣት አይጨምርም።

መሃል ላይ ድራይቩ ይጠፋል፣ ጠቅ ጠቅ ይላል

በዩኤስቢ ሚሰካው ስስ ዲቪዲ ድራይቭ ነው አይደል? ሲዲውን ሊያሽከረክር ሲነሳ ከአንድ ዩኤስቢ ቀዳዳ ሚያገኘው ፓወር አይበቃውም፣ በተለይ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ላይ። ተርሚናል ላይ ዲሜሴጅ (dmesg) ብላችሁ የሲስተሙን መልእክት ስታዩት ዩኤስቢ ዲስኮኔክት ሚል ካለ ጥርጥር የለውም። ሁለት ራስ ያለው ገመድ ወይ የራሱ ቻርጀር ያለው ሀብ ተጠቀሙ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ሰኩት። መብራት ሄዶ ከተቋረጠባችሁ ደሞ አትደንግጡ፣ ኤቢሲዲኢ የጀመረውን በዲስኩ ቁጥር በሰየመው ጊዜያዊ ፎልደር ያስቀምጣል፣ ሲመለስ ያንኑ ሲዲ ከታችሁ መጀመሪያ ካስነሳችሁበት ቦታ ላይ ስታስነሱት ካቆመበት ይቀጥላል። ፎልደሩን ቆሻሻ መስሏችሁ አትሰርዙት ብቻ።

አንድ ትራክ ላይ ሰዓታት ይቆማል

ሲዲፓራኖያ ስሙም እንደሚለው ተጠራጣሪ ነው፣ ያነበበውን መልሶ እያነበበ ያነፃፅራል፣ ጭረት ላይ ሲደርስ አንዱን ቦታ እየደጋገመ ይሞክራል። ብትተዉትም አንዳንዴ ያወጣዋል፣ እኔ ግን መጀመሪያ ማጠብን እመርጣለሁ። እኛ ጋ ሲዲ ላይ ሚገኘው ብዙው ጭረት ሳይሆን የጭስ ቅባት፣ የጣት አሻራና አቧራ ነው። ለብ ባለ ውሃና ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አርጋችሁ ጥረጉ፣ በፍፁም እያዞራችሁ አትጥረጉ፣ ምክንያቱም ዙሪያውን ሚሄድ ጭረት የአንድን ቦታ ዳታ ተከታትሎ ይበላል፣ ከመሃል ወደ ዳር ሚሄደውን ግን የስህተት ማረሚያው ይሸፍነዋል። ሌላው ሰው ማያስተውለው ነገር፣ ሚያንፀባርቀው ጎን ላይ 1.2 ሚሊሜትር ፕላስቲክ አለ፣ ስሱ ጎን ፅሁፍ ያለበት ነው፣ ዳታው ያለው ከፅሁፉ ስር ነው። እዛ ላይ በእስክሪብቶ "የሰርግ" ብሎ ተጭኖ የፃፈ ሰው ከመቶ ጭረት በላይ ጎድቶታል። ወደ ብርሃን አንሱትና እዩት፣ ነጥብ ነጥብ ብርሃን ሚያሳልፍ ከሆነ ማንፀባረቂያው ተልጧል፣ ያ ቦታ አይመለስም።

ከታጠበም በኋላ እምቢ ካለ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ሲዲፓራኖያን ካፒታል ኤስ 4 (-S 4) በሉት። አሁንም ካልሆነ ሌላ ድራይቭ ላይ ሞክሩ፣ አንዱ ያቃተውን ሌላው ሲያነበው ብዙ ጊዜ ታያላችሁ፣ ያሮጌ ዴስክቶፕ ድራይቮች ከስሶቹ ይሻላሉ በኔ እይታ። ከዛ ወዲያ ካፒታል ዜድ (-Z) ብላችሁ ጥርጣሬውን ማጥፋት ነው፣ ቶሎ ይጨርሳል ግን ቋ ቋ ሚል ድምፅ ሊገባ ይችላል።

ዊፐር ሚባለውን መገልበጫ ምትጠቀሙ ከሆነ "አኩሬትሪፕ ላይ አልተገኘም" ሚለው ኤረር አይደለም። ሌላ ሰው ያንን ሲዲ ገልብጦ ውጤቱን አኩሬትሪፕ ሚባለው የጋራ መዝገብ ላይ አልመዘገበም ማለት ነው፣ የኛ ሲዲ ደሞ ማን ይመዘግበዋል። ሁለቴ ገልብጡና በሜታፍላክ ፕሮግራም የድምፁን ኤምዲ5 (ከድምፁ የተሰላ መለያ ቁጥር) አነፃፅሩ፣ አንድ አይነት ከሆነ ንባቡን እመኑት።

የዘፈን ስም አያመጣም፣ ወይ የማይገናኝ አልበም ያመጣል

መመሪያው ፍሪዲቢ (የዘፈን ስም ሚያቀብል የኢንተርኔት መዝገብ) ተጠቀሙ ካላችሁ አሮጌ ነው፣ ፍሪዲቢ 2020 ላይ ተዘግቷል። የኤቢሲዲኢ ኮንፊግ ፋይል ላይ ሲዲዲቢ ሜተድ ሚለውን ሙዚክብሬንዝ (ሌላው እንደዛ ያለ መዝገብ) በሉት።

እሱም ላያመጣ ይችላል። ፕሮግራሙ ዘፈኑን አዳምጦ አይደለም እሚለየው፣ እያንዳንዱ ትራክ ከየት ቦታ እንደሚጀምር አይቶ ከሱ ነው ቁጥር ሚያሰላው። ኮፒ አድራጊው ሲያቃጥለው በየዘፈኑ መሃል 2 ሰከንድ ባዶ ከጨመረ፣ ወይ አንድ ዘፈን ካስቀረ፣ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ያሮጌው ፍሪዲቢ ቁጥር ደሞ አጭር ስለነበር ሁለት ማይተዋወቁ ሲዲዎች አንድ ቁጥር ይደርሳቸዋል፣ የሰርግ ዘፈን ከታችሁ የጀርመን ኳየር ቢመጣ አይግረማችሁ።

መፍትሄው እጅ ነው። ኤቢሲዲኢን በትንሹ ኤን (-n) አስነሱት፣ ኔት ሳይጠይቅ ትራክ 1 ትራክ 2 እያለ ይገለብጣል፣ ኔት ለሌለበት ቀንም ይሄው ነው። የሽፋኑን ፎቶ አንሱ፣ የዘፈኖቹን ስም በቅደም ተከተል በአንድ ቴክስት ፋይል ፃፉ፣ ከዛ ኪድ3 ሚባለው ታግ (ፋይሉ ውስጥ ሚቀመጠው የዘፈን መረጃ) መሙያ ላይ ኢምፖርት ብላችሁ ላልበሙ በሙሉ ባንዴ አስገቡት። ግን ከማስገባታችሁ በፊት ሁለት ሶስቱን አዳምጡ፣ ሽፋኑ ይዋሻል።

ፍላክ ሆኖ ድምፁ የታፈነ ከመሰላችሁ ደሞ ስፔክ ሚባለው ድምፁን በስዕል ሚያሳይ ፕሮግራም ላይ ክፈቱት። ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ በመቀስ እንደተቆረጠ ባዶ ከሆነ ሲዲው መጀመሪያውኑ ከዝቅተኛ ኤምፒ3 የተቃጠለ ነው። መፍትሄ የለውም፣ ኦሪጅናሉን ያለው ሰው መፈለግ ነው።

ታጉ ላይ ያለው አማርኛ ተበላሸ

ጥያቄ ምልክትና ሳጥን አንድ አይደሉም። ጥያቄ ምልክት ከሆነ ፅሁፉ ራሱ ጠፍቷል፣ ያሮጌው አይዲ3 (የኤምፒ3 ታግ) ቨርዥን 1 ለርዕስ 30 ባይት ብቻ ነው ያለው፣ አማርኛ አያውቅም። ፒካርድ ሚባለው ታግ መሙያ ሴቲንግ ላይ ቨርዥን 1 አትፃፍ በሉትና 2.3 በዩቲኤፍ 16 ምረጡ። ሳጥን ከሆነ ግን ፅሁፉ ደህና ነው ፊደሉ ነው የሌለው፣ ኮምፒውተር ከሆነ ኖቶ ኢትዮፒክ ወይ አቢሲኒካ ፎንት መጫን ነው፣ የመኪና ቴፕ ከሆነ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ጥላሁን ሁለት ቦታ ከተከፈለባችሁ አንዱን ገሠሠ ሌላውን ገሰሰ ብላችሁ ፅፋችኋል። ለኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ሁለት ዘፋኝ። አህመድና አሕመድ፣ ፀሐይና ጸሃይ፣ ሁሉም እንደዛው። የዘፋኞቹን ስም አንዴ በአንድ ፋይል ወስናችሁ ፃፉና ሁሌ ከሱ ኮፒ አርጉ። አርቲስት ሶርት ሚለው ቦታ ላይ ደሞ "በላይ፣ ይሁኔ" ብሎ ገልብጦ ሚሞላ ካለ መልሱት፣ ይሁኔ በላይን በ"በ" ስር ሚፈልግ ሰው የለም።

መዝሙር ስትገለብጡ በራሳችሁ ስክሪፕት ከሆነ "ዲ/ን" እና "መ/ር" ውስጥ ያለው ያዘመመ መስመር (/) አዲስ ፎልደር ይፈጥራል፣ ሊኑክስ ላይ ያ ምልክት የፎልደር መለያ ነው። ታጉ ውስጥ ይቆይ፣ ፋይል ስሙ ላይ ግን ዲን እና መር በሉት።

ሽፋኑ ላይ 1993 ዓ.ም ካለ ዝም ብላችሁ 1993 አትሙሉ፣ ከሙዚክብሬንዝ ከመጣው ጋ 7 ወይ 8 ዓመት ይዛነፋል። ከመስከረም እስከ ታህሳስ 22 ገደማ የወጣ ከሆነ 7፣ ከዛ በኋላ 8 ደምሩ፣ ወሩን ካላወቃችሁ አንዱን ምረጡና የኛን ዓመት ኮሜንት ላይ አኑሩት።

የስብስብ አልበም በየዘፋኙ ከተበታተነ አልበም አርቲስት ሚለውን ሁሉም ላይ "ልዩ ልዩ ድምፃውያን" አርጉት።

ፍላሹ መኪና ላይ ዘፈኖቹን አዘባርቆ ይጫወታል

ቁጥሩን 01፣ 02 ብላችሁ ካልፃፋችሁ ከ1 ቀጥሎ 10 ይመጣል። ያንን አስተካክላችሁም ካልሆነ፣ ርካሽ ቴፖች በስም ሳይሆን ፍላሹ ላይ በተፃፈበት ቅደም ተከተል ነው ሚያነቡት። ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አርጉ፣ ከፍላኩ ለመኪና የቀየራችሁትን ኤምፒ3 ኮፒ በላቲን ፊደል ስም ጫኑበት፣ ከዛ አንማውንት አርጋችሁ ፋትሶርት ሚባለውን ፕሮግራም አስኪዱበት፣ ዝርዝሩን ፍላሹ ላይ ራሱ ያደራጀዋል። አዲስ ዘፈን በጨመራችሁ ቁጥር መድገም ነው።