የበረራ ርቀትና ሰዓት ስታሰሉ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ብዙ ሰው የሁለት ከተሞችን ርቀት ሰርች ያደርግና ያገኘውን ኪሎሜትር ለ900 (የአውሮፕላን ፍጥነት፣ ኪሎሜትር በሰዓት) አካፍሎ "በቃ በረራው ይሄን ያህል ሰዓት ነው" ይላል፣ ከዛ ትኬቱን ሲያይ ግራ ይገባዋል።

1. ዝም ብሎ ለ900 ማካፈል

ከለንደን ሂትሮው ኒውዮርክ ጄኤፍኬ 5,540 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ስታካፍሉት 6 ሰዓት ከምናምን ይመጣል። ትኬቱ ላይ ግን ወደ ኒውዮርክ 8 ሰዓት ገደማ ነው የሚለው። 900 የሚባለው ፍጥነት አውሮፕላኑ ከፍታውን ይዞ ከተረጋጋ በኋላ ያለው ነው እንጂ ሲነሳና ሲወርድ በጣም ይቀንሳል። በዛ ላይ ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የሚቆጠረው ከጌት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ እዛ ደርሶ ጌት ላይ እስኪቆም ስለሆነ ተራ ጥበቃው ምኑ ሁሉ እዛው ውስጥ ነው።

2. መሄጃና መመለሻው እኩል ነው ብሎ ማሰብ

እኔ በጣም የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ያው መንገድ ከኒውዮርክ ወደ ለንደን ሲሆን ወደ 7 ሰዓት ገደማ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ላይ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የሚነፍስ ጄት ስትሪም የሚባል ሀይለኛ ንፋስ አለ፣ ወደ ምስራቅ ስትሄዱ ከኋላ ይገፋችኋል ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። የካቲት 2020 ላይ (በፈረንጅ) የብሪቲሽ ኤርዌይስ 747 ይሄን ንፋስ ተሳፍሮ ከጄኤፍኬ ሂትሮው በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ፣ ከመሬት አንጻር ከ1,200 ኪሎሜትር በሰዓት በላይ እየሄደ ማለት ነው። የድምፅን ፍጥነት አለፈ ያሉም ነበሩ፣ አላለፈም፣ አየሩ ራሱ ይዞት ስለሚሄድ በአየሩ ውስጥ ያለው ፍጥነት እንደወትሮው ነው።

3. ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካት

ጠፍጣፋ ካርታ ይዋሻል። ከለንደን ሎስ አንጀለስ ቀጥ ያለ መስመር ብታሰምሩ አትላንቲክን መሀል ለመሀል ይቆርጠዋል፣ አጭሩ መንገድ ግን ወደ ላይ ወጥቶ በግሪንላንድ በኩል ነው። ሉል ላይ ክር ወጥራችሁ እዩት ወዲያው ይታያችኋል።

አጭሩ መንገድ ሁሌ ክፍት ነው ማለት ደሞ አይደለም። ከ2022 ጀምሮ የሩሲያ አየር ክልል ለብዙ አየር መንገዶች ሲዘጋ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ የነበረው 13 ሰዓት ገባ። ከተሞቹ ያው እዛው ናቸው።

4. የመነሻውን ሰዓት ከመድረሻው መቀነስ

ሁለቱም የተጻፉት በየከተማው ሰዓት ነው። ከቶኪዮ 17:00 ተነስታችሁ ሎስ አንጀለስ በዛው ቀን 11:00 ልትደርሱ ትችላላችሁ፣ ሳትነሱ የደረሳችሁ ይመስላል፣ እውነቱ ግን 10 ሰዓት በራችኋል፣ መሀል ላይ የቀን መስመሩን (ቀኑ የሚቀየርበትን መስመር) ተሻግራችሁ ነው። መድረሻው ጎን +1 ካለ በማግስቱ ነው፣ ይሄን ሳያይ ሆቴል የሚይዝ ሰው አንድ ቀን ይከስራል። የሰዓት ልዩነቱም ራሱ ይቀያየራል፣ ለንደንና ኒውዮርክ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሰዓት ይለያያሉ፣ ሰዓታቸውን የሚቀይሩበት ቀን ስለማይገጥም ግን መጋቢት አካባቢ ለጥቂት ሳምንት 4 ይሆናል።

5. ማይልን ከማይል ማምታታት

አቪዬሽን የሚጠቀመው ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎሜትር ነው፣ የመንገዱ ማይል 1.609። ሰንጠረዥ ላይ "ማይል" ብቻ ካለ የትኛው እንደሆነ እዩ።

6. "ዳይሬክት" ሲል አያርፍም ማለት መስሎን

ዳይሬክት ማለት የበረራ ቁጥሩ አይቀየርም ማለት ነው፣ መሀል ላይ አንድ ቦታ አርፎ ሊነሳ ይችላል። ጭራሽ የማያርፈው ነን ስቶፕ የሚባለው ነው፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የማረፊያውን ዝርዝር ክፈቱና እዩ።

7. ኤርፖርቱን ከተማው ውስጥ ማድረግ

ቶኪዮ ናሪታ ከከተማው መሀል 60 ኪሎሜትር ገደማ ይርቃል፣ ሀኔዳ ግን ቅርብ ነው። ናሪታ በ20 ደቂቃ ቀድሞ የሚደርስ በረራ ካገኛችሁ ባቡሩ ያንን 20 ደቂቃ መልሶ ይበላዋል።