ፊልተር የበላውን ድምፅ መመለስ፦ ችግሩና መፍትሄው

ድምፁ አልጥም ሲላችሁ ሌላ ፊልተር (የድምፁን አንድ ክፍል የሚቆርጥ ወይም የሚቀንስ ማስተካከያ) አትደርቡ። መጀመሪያ ያሉትን በሙሉ አጥፉና አዳምጡ። ስታወዳድሩ ደግሞ ቮልዩሙን እኩል አድርጉ፤ ጮክ ያለው ሁሌም የተሻለ ስለሚመስል ጆሮን ያታልላል።

ማሲንቆው ውኃ ውስጥ የተቀዳ ይመስላል፣ ይቆራረጣል

ጥፋቱ የኖይዝ ማስወገጃው ነው። የስብሰባ አፖች ላይ ያለው ንግግርን ብቻ ለማሳለፍ የተሠራ ነው፤ የደጋኑ ጭራ ከማሲንቆው ጭራ ጋር ሲፋተግ የሚወጣውን ሻካራ ድምፅ ከቬንትሌተር ጩኸት አይለየውም፣ አብሮ ይጠርገዋል። ለእኔ ግን ማሲንቆን ማሲንቆ የሚያደርገው እሱ ነው። በዙም ማሲንቆ ወይም ክራር የምትማሩ ከሆነ ኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ «ኦሪጅናል ሳውንድ ፎር ሙዚሺያንስ» የሚለውን አብሩ፣ ድምፅ ዞሮ እንዳይገባ ኢርፎን አድርጉ። ቤት ውስጥ የምትቀዱ ደግሞ ቬንትሌተሩን አጥፉ፣ ማይኩን አስጠጉ፤ ያኔ ማስወገጃው ብዙም አያስፈልግም።

ከበሮው ጉልበት አጣ፣ «ጧ ጧ» ብቻ ሆነ

ሚክሰሩ ላይ «ሎው ከት» የምትለዋ ቁልፍ ተጭና ይሆናል። ብዙ ጊዜ ከ80 ወይም ከ100 ሄርዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ትቆርጣለች። ለዘፋኝ ማይክ ጥሩ ናት፣ የማይክ ጉምጉምታና የትንፋሽ ምት ትቀንሳለች። የከበሮ ቻናል ላይ ግን አጥፏት።

ሳብዉፈር ከተገጠመ በኋላ ቤዙ ጭራሽ ቀነሰ

ይሄ ብዙ ሰው የሚያደክም ነው፤ ገንዘብ ወጥቶበት ድምፁ ሲቀጥን ያናድዳል። ክሮስኦቨር የሚባለው ፊልተር ድምፁን ለሁለት ይከፍላል፦ ለምሳሌ ከ80 ሄርዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ብቻ ወደሚያወጣው ስፒከር ወደ ሳብዉፈር፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ዋናዎቹ ስፒከሮች። ፊልተር ግን መቁረጥ ብቻ ሳይሆን የሞገዱን ጊዜም ያዛባል። በሁለቱም በኩል በኦክታቭ (ሄርዙ እጥፍ ወይም ግማሽ በሆነ ቁጥር) 12 ዴሲቤል የሚቆርጥ የተለመደው ክሮስኦቨር ከሆነ፣ መገናኛው ላይ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ይጠፋፋሉ። ቤዙን በኢኳላይዘር ብታነሱት አምፕሊፋየሩን ከማስጨነቅ በቀር ጥቅም የለውም፤ አብረው ጨምረው አሁንም ይጠፋፋሉ።

መፍትሄው ቀላል ነው። ሳብዉፈሩ ጀርባ ላይ ከ0 ወደ 180 የሚዞር «ፌዝ» ማብሪያ ይኖራል። የ80 ሄርዝ ድምፅ ክፈቱ፣ ሁልጊዜ የምታዳምጡበት ቦታ ላይ ተቀመጡ፣ ሌላ ሰው ማብሪያውን ይቀያይርላችሁ፣ የሚጠነክረውን ያዙ። ማብሪያ ከሌለውና ከአምፕሊፋየር በገመድ የሚሠራ ከሆነ አምፕሊፋየሩን አጥፍታችሁ የሳብዉፈሩን ብቻ ቀይና ጥቁር ገመድ አቀያይሩ። ክሮስኦቨራችሁ 24 ዴሲቤል «ሊንክዊትዝ ራይሊ» የሚል ምርጫ ካለው እሱን ውሰዱ፣ ሁለቱም ወገን መገናኛው ላይ አብረው ይገፋሉ።

ብሉቱዝ ኢርፎኑ ስብሰባ ሲጀመር የስልክ ድምፅ አወጣ

የኢርፎኑ ማይክ ሲከፈት ብሉቱዙ ወደ ጥሪ ሁነታ ይቀየራል። እዚያ ላይ የድምፁ ናሙና የሚወሰደው አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 8,000 ወይም 16,000 ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚያዘው ድምፅ ደግሞ እስከዚህ ቁጥር ግማሽ ብቻ ስለሆነ ከ4,000 ወይም ከ8,000 ሄርዝ በላይ ያለው ይቆረጣል። ሴቲንግ ገብታችሁ ማይኩን የላፕቶፑን አድርጉ፣ ኢርፎኑ ለማዳመጥ ብቻ ይቅር።