ለከባድ መኪና ጋቢና የፀሐይ ኤሌክትሪክ አዘረጋግ

በጅቡቲ ድንበር፣ ጋላፊ ላይ ወረፋ እየጠበቀ ያደረ ሹፌር ስለ ምን እንደማወራ ይገባዋል። ከሚሌ ወዲያ ሌሊቱም ይፋጃል፤ ቬንትሌተር የሌለው ጋቢና ምጣድ ነው። ሞተር አስነስቶ ማደር ነዳጅ ይጨርሳል። ሞተር አጥፍቶ በመኪናው ባትሪ ማደር ደግሞ ጠዋት አልነሳም የሚል መኪና ያስታቅፋል። እኔ ከሁለቱም የተገላገልኩት ጣሪያው ላይ ባለ 100 ዋት የሶላር ሰሌዳ ካሰርኩ በኋላ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ የመኪናውን ባትሪ አትንኩ። ከባድ መኪኖቻችን በአብዛኛው የሚሠሩት በ24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው ታስረዋል። ቬንትሌተሩ የሚፈልገው 12 ስለሆነ ብዙ ሹፌር ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ሽቦ ይስባል። ያ ባትሪ በየሌሊቱ ይጎድላል፤ ዲናሞው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ስለሚሞላ የጎደለው እንደጎደለ ይቀራል፣ ሙሉው ከመጠን በላይ ይፈላል። እኔ እንዲህ ስጠቀም ዓመት ሳይሞላ ሁለቱንም ቀብሬአለሁ። ለመኝታው የራሱ ባትሪና የራሱ ሽቦ ይኑረው።

ምን ያህል እንደሚበቃችሁ አስሉ። የእኔ ቬንትሌተር 1.5 አምፔር ይስባል፤ ስምንት ሰዓት ሲሠራ 12 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የእኔና የረዳቴ ስልኮች 3 ያህል፣ አምፖሉ 2፤ በድምሩ 17። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው ስለሚረዝም ባለ 50 አምፔር ሰዓት ገዛሁ። ሰሌዳው በአፋር ፀሐይ በቀን 20 ያህል ይመልስለታል። ፍሪጅ ያማራችሁ ግን ሒሳቡን እንደገና ጀምሩት፤ ትንሹ እንኳን ብቻውን የዚህን ሁሉ እጥፍ ይበላል።

ሰሌዳ ስትገዙ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አትመኑ፤ ቴስተር (ቮልትና አምፔር መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ። በእኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አስቀምጡት፣ የቴስተሩን ቀይ ገመድ በ10 አምፔር ቀዳዳ ሰክታችሁ የሰሌዳውን ሁለት ጫፎች ንኩ። ትክክለኛ ባለ 100 ዋት ወደ 6 አምፔር የሚጠጋ ያሳያል። የእኔ የመጀመሪያው «100» ተብሎ ተለጥፎበት 3 አምፔር የሰጠኝ በመከራ ነው። ይህን ሙከራ ባትሪ ላይ እንዳትደግሙት፤ ቴስተሩም እጃችሁም ይቃጠላል። ሽቦውንም በቢላ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና ተዉት። ከሰሌዳው ለሚወርደው 4 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ከባትሪው ለሚነሳው 6 ይበቃል።

ሰሌዳውን ከጣሪያው ጋር አታጣብቁት። ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል፤ ሎጊያ ላይ በቀትር ደግሞ መስታወቱ ላይ እጅ አይቀመጥም። ከሥሩ አራት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ፣ ነፋስ ያግኘው። ሽቦው ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይውረድ፤ አለበለዚያ ዝናቡ እሱን ተከትሎ ይገባል።

ባትሪው ከመኝታው ሥር ይቀመጣል። መካኒክ ሲመጣ ጋቢናው ወደ ፊት እንደሚደፋ ግን አትርሱ። እኔ ረስቼ ነበር። አሥራ አምስት ኪሎ ባትሪ ከመኝታዬ ሥር ተነሥቶ የፊት መስታወቱን ሊሳለም አንድ ስንዝር ሲቀረው መሪው ያዘው። አሁን በብረት ቅንፍና በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ አስሬዋለሁ። ዓይነቱም ድፍን የሆነው ጄል ይሁን፤ አሲድ የሚሞላው ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፣ በላዩ አይተኛም።

ስታገናኙ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ሰሌዳውን በጋቢ ሸፍኑት። ከሰሌዳው ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚመጥነውን ባለ 10 አምፔር ቻርጅ መቆጣጠሪያ መጀመሪያ ከባትሪው ጋር አገናኙ፤ ባትሪው 12 ቮልት መሆኑን የሚያውቀው ከዚያ ነው። ቀጥሎ ሰሌዳው፣ በመጨረሻ ቬንትሌተሩና አምፖሉ። ስታፈርሱ በተገላቢጦሽ። ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ይግባ። «መቆጣጠሪያው ፊውዝ አለው» የሚላችሁን አትስሙት፤ ከባትሪው እስከ መቆጣጠሪያው ባለው ሽቦ ላይ አንድ ቦታ ቢላጥና ብረት ቢነካ እሳቱ የሚነሳው ከፍራሻችሁ ሥር ነው። ነጋቲቩንም ከቦዲው ጋር አትሰሩት፣ የራሱን ሽቦ ዘርጉለት፤ ብዙዎቹ ርካሽ መቆጣጠሪያዎች ውስጣቸው የተያያዘው በፖዘቲቭ በኩል ስለሆነ ቦዲ ሲገባበት ሥራቸው ይዛባል።

ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሁሉንም አጥፍታችሁ ባትሪውን ለኩ። 12.7 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ። ከዚያ በታች በተደጋጋሚ ካያችሁ መጀመሪያ ሰሌዳውን ተመልከቱ፤ በአፋር መንገድ አቧራው በአንድ ቀን ውስጥ ያለብሰዋል። ረዳቴ በየጠዋቱ ቡናው እስኪፈላ ጣሪያው ላይ ወጥቶ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውለዋል።