የክታቡ ጽሑፍ አልገባ ያለኝ እንዴት ተፈታ
ኦንላይን ያገኘሁት የብራና ክታብ ፎቶ ላይ ተጥጄ ነበር፣ ግማሹ ቃል ግዕዝ መዝገበ ቃላት ውስጥ ጭራሽ የለም። መላው ለካ ቀይ ቀለሙን መከተል ነው! በቀይ የሚጻፈው ባብዛኛው «በስመ አብ» የሚለው መክፈቻና የባለቤቱ ስም ነው፣ «ለአመትከ» (ለሴት አገልጋይህ) ካለ ቀጥሎ የሴትየዋ ክርስትና ስም ይመጣል (አንዳንዴ ተፍቆ የሌላ ሰው ይጻፍበታል፣ ክታብም ሰከንድ ሃንድ አለው 😄)። እንደ ሎፍሐም ያለው አስማት (ምስጢራዊ የኃይል ስም) ስለሆነ ዲክሽነሪ አታገላብጡ በቃ ዝለሉት። «ሳዶር አላዶር ዳናት አዴራ ሮዳስ» ግን የአምስቱ ቅንዋት (ክርስቶስ የተቸነከረባቸው ችንካሮች) ስም ነው፣ መነሻው ደግሞ በ79 እ.ኤ.አ. እሳተ ገሞራ የቀበራት ፖምፔ ውስጥ ሳይቀር የተገኘው፣ ከአራት አቅጣጫ የሚነበበው የላቲን ቃላት ካሬ ነው፣ ይሄን ሳይ አበድኩ። ዓይን ዓይን የሞላበትን ስዕል ገና አልነካሁትም።