አንድ ማውስ ለሁለት ገጽ፦ በሊኑክስ የጽሑፍ ኮንሶልና በዴስክቶፕ ላይ ማውስን ማስተካከል

የሊኑክስ ዴስክቶፕ ደርቆ አልንቀሳቀስ ሲል፣ ወይም የስክሪን ካርድ ድራይቨር ከታደሰ በኋላ የመግቢያው ገጽ አልመጣ ሲል፣ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭኖ ወደ ጽሑፍ ኮንሶል መሻገር የተለመደ ነው። ጥቁሩ ገጽ ላይ የደረሰ ሰው ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሥራ ሲጀምር ቶሎ የሚጎድልበት ነገር ማውሱ ነው። ረጅም የስሕተት መልእክት ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ እያየ፣ ከመካከሉ አንዲት የፋይል አድራሻ ለመቅዳት እንኳ ፊደል በፊደል ለመተየብ ይገደዳል። ማውሱ ግን አልተበላሸም፤ ከሥሩ ያለችው ቀይ መብራት እንደበራች ናት፤ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉም እያንዳንዷን እንቅስቃሴ እየተቀበለ ነው። በዚያ ገጽ ላይ የጠፋው እንቅስቃሴውን የሚያነብ ፕሮግራም ነው።

ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነጥብ ነው። ዴስክቶፑና ኮንሶሉ አንዱን ማውስ በሁለት የተለያዩ አንባቢዎች በኩል ስለሚያነቡት፣ በአንዱ ላይ ያደረጉት ማስተካከያ ለሌላው አይደርስም፤ ሁለቱንም ለየብቻ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ትእዛዞችንና የፋይል አድራሻዎችን በሚነበቡበት ድምፅ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ እርስዎ ሲተይቡ ግን በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት ይጻፏቸው። ትልቅ ፊደል በሚያስፈልግበት ቦታ ለይቼ እናገራለሁ።

የኮንሶሉ አንባቢ ጂፒኤም የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም ሲሆን፣ ስሙ የሚጻፈው ጂ፣ ፒ፣ ኤም በተባሉት ሦስት ፊደላት ነው። ከጀርባ ሆኖ ይሠራል፤ የማውሱን እንቅስቃሴ እያነበበ በጽሑፍ ገጹ ላይ ጠቋሚ ያሳያል፤ ጽሑፍ መምረጥና መለጠፍም ያስችላል። ደቢያንና ኡቡንቱ በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ጂፒኤም» ብሎ መጫን ይቻላል («ሱዶ» ትእዛዙን በአስተዳዳሪ መብት የሚያስፈጽም ቃል ነው)፤ በፌዶራ ላይ «አፕት» በሚለው ፈንታ «ዲኤንኤፍ» ይገባል። በደቢያን ቤተሰብ ውስጥ ፕሮግራሙ እንደተጫነ ራሱን ያስነሣል። በሌሎቹ ላይ ግን «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል --ናው ጂፒኤም» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ያሻል፤ ይህም አገልግሎቱን አሁኑኑ ያስነሣል፣ ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥርም እንዲነሣ ያደርጋል። ከዚያ ወደ ኮንሶሉ ተሻግረው ማውሱን ትንሽ ቢያነቃንቁ፣ አንድ ፊደል የሚያህል አራት ማዕዘን ብሎክ ከሳጥን ወደ ሳጥን ሲዘል ያያሉ። እስኪነቃነቅ ድረስ ስለማይታይ፣ ገና ሳይነኩት «አልሠራም» ብለው አይፍረዱ።

እዚህ ላይ ስለ ድሮው ነገር ትንሽ ማለት ግድ ነው፤ ምክንያቱም ይህን ርእስ ፈልገው የሚያገኟቸው ብዙ መመሪያዎች የተጻፉት በዚያ ዘመን ነው። በክቡ የፒኤስ2 መሰኪያ ዘመን ማውሱ ለከርነሉ የሚታየው በአንድ ጠባብ በር በኩል ስለነበር፣ ጂፒኤምና ግራፊካዊው ገጽ እሱን ለመካፈል ይቸገሩ ነበር። መፍትሔው ጂፒኤም ብቻውን እንዲያነብና ያነበበውን «/ዴቭ/ጂፒኤምዳታ» በተባለ ቧንቧ ለግራፊካዊው ገጽ እንዲያቀብል ማድረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ከወጣው ከርነል 2.6 ወዲህ ግን ከርነሉ የተሰኩትን ማውሶች ሁሉ «/ዴቭ/ኢንፑት/ማይስ» በሚባል አንድ ቦታ ላይ ሰብስቦ ያቀርባል፤ ብዙ አንባቢዎችም ሳይጋፉ ያነቡታል። ስለዚህ ማቀበያውን እንዲከፍቱ ወይም ዴስክቶፑን ወደ ጂፒኤም ቧንቧ እንዲያዞሩ የሚነግርዎትን መመሪያ ይለፉት። በእኔ ዕይታ በዚህ ጉዳይ ላይ ሰው ጊዜውን የሚያባክነው ከምንም በላይ የሌለ ችግር ሲፈታ ነው።

በደቢያንና በኡቡንቱ ላይ የጂፒኤም ማስተካከያ ያለው «/ኢቲሲ/ጂፒኤም.ኮንፍ» በሚባለው ፋይል ውስጥ ነው። ቅጂውን አስቀምጠው በ«ሱዶ ናኖ» ቢከፍቱት ጥቂት መስመሮች ብቻ ያገኛሉ። «ዲቫይስ» የሚለው ማውሱ የሚነበብበትን ቦታ ይናገራል፤ ከላይ የጠቀስኩት «/ዴቭ/ኢንፑት/ማይስ» ከሆነ አይንኩት። «ታይፕ» የሚለው ማውሱ የሚናገርበትን ቋንቋ ይወስናል፤ «ኢኤክስፒኤስ2» ወይም «አይኤምፒኤስ2» ለዛሬው ባለጎማ ማውስ ሁሉ ይበቃል፤ ማውሱ በዩኤስቢ ቢሰካ ወይም ገመድ አልባ ቢሆን ለውጥ የለውም። «ሪፒት_ታይፕ» የሚለው ያ የድሮው ማቀበያ ነው፤ «ነን» እንደሆነ ይተዉት። «ሪስፖንሲቭነስ» የሚለው የጠቋሚውን ፍጥነት የሚለካ ሲሆን፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጠቋሚው ይፈጥናል፤ በትልቅ ስክሪን ላይ ብሎኩ ከጫፍ ጫፍ ለመድረስ እጅን የሚያደክም ከሆነ 20 ጽፈው ይሞክሩ። ፋይሉን ባስቀመጡ ቁጥር «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ጂፒኤም» ካላሉ በስተቀር ለውጡ አይሠራም።

ግራኝ ለሆነ ሰው ዋናው መስመር «አፔንድ» የሚለው ነው። በጥቅሶቹ መካከል «-ቢ 321» ብለው ይጻፉ፤ ይህ ቢ ትልቁ ፊደል ነው። ቁጥሮቹ የማውሱ ቁልፎች ቅደም ተከተል ናቸው፤ 123 የተለመደው አቀማመጥ ሲሆን 321 ግራና ቀኙን ያለዋውጣል። ይህን ካደረጉ በኋላ ዴስክቶፑ ላይ ምንም እንዳልተለወጠ ሲያዩ አይገረሙ፤ በዚያ በኩል እንደገና መናገር አለብዎት። ግኖም በተባለው ዴስክቶፕ ላይ የማውስና የመዳሰሻ ሰሌዳ ማስተካከያውን ከፍተው ዋናው ቁልፍ የቀኙ እንዲሆን ይምረጡ። በኬዲኢም ተመሳሳይ ምርጫ በሲስተም ማስተካከያው ውስጥ አለ። አንዳንድ ውድ ማውሶች የቁልፍ አቀማመጣቸውን በራሳቸው ውስጥ መዝግበው መያዝ ይችላሉ፤ እንዲህ ዓይነት ማውስ ካለዎት ቅያሬውን እዚያው አድርገው ሁለቱን ፕሮግራሞች አይንኩ፤ አለበለዚያ የተገለበጠው እንደገና ይገለበጥና ወደ ነበረበት ይመለሳል።

በኮንሶሉ ላይ መቅዳትና መለጠፍ ከዴስክቶፑ ትንሽ ይለያል። የግራውን ቁልፍ ተጭነው ሲጎትቱ ጽሑፉ ይመረጣል፤ በተመረጠበት ቅጽበትም ተቀድቷል፤ «ኮፒ» የሚባል ተጨማሪ እርምጃ የለም። ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉ ቃሉ፣ ሦስት ጊዜ ሲሆን ሙሉው መስመር ይመረጣል። ለመለጠፍ የመካከለኛውን ቁልፍ ማለትም ጎማውን ወደ ታች ይጫኑ። ጂፒኤም መካከለኛው ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ማውሱን ባለሁለት ቁልፍ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን የቀኙ ቁልፍ የተመረጠውን ለማስረዘም ያገለግላል። በ«አፔንድ» መስመር ላይ «-3» ብሎ በመጻፍ ከመጀመሪያው ባለሦስት ቁልፍ እንደሆነ መንገር ይቻላል፤ ነገር ግን ማውሱ በእርግጥ ባለሁለት ቁልፍ ከሆነ ይህ ምርጫ መለጠፍን ጨርሶ ያስቀራል።

ጎማውን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የተማርኩትም ከፍዬ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ፊት ቆሜ በሩት ማለትም በዋናው አስተዳዳሪ መብት ስሠራ፣ ከማስታወሻ ፋይል ላይ ሁለት መስመሮችን ጎትቼ መርጬ ነበር፤ ሁለተኛው መስመር ኮምፒዩተሩን እንደገና የሚያስነሣ ትእዛዝ ነበር። ከፋይሉ ወጥቼ ወደ ላይ ያለፈውን ጽሑፍ ለማየት ጎማውን ላሽከረክር ስል ጣቴ ጠንከር አለና ተጫንኩት። ሁለቱም መስመሮች ከነመስመር መዝጊያቸው ተለጠፉ፤ ትእዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም ማለትም ሼሉም ኢንተር የተጫነ መስሎት አንድ በአንድ ፈጸማቸው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር፤ ስልኩ ወዲያው መጮህ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በሩት ስሠራ ከአንድ መስመር በላይ አልመርጥም፤ የመስመሩንም መጨረሻ ሳልነካ ከመጨረሻው ፊደል ላይ አቆማለሁ። ደግሞ ያን ቀን የፈለግሁትን አላገኘውም ነበር፤ ከከርነል 5.9 ጀምሮ በኮንሶሉ ላይ ያለፈውን ጽሑፍ ወደ ኋላ ተመልሶ የማየት አቅም ከከርነሉ ስለወጣ፣ ጎማውን ቢያሽከረክሩት የሚመለስ ገጽ የለም። ረጅም ውጤት የሚያወጣ ትእዛዝ ካለዎት ጽሑፍን ገጽ በገጽ በሚያሳየው «ሌስ» ውስጥ አሳልፈው ያንብቡት፤ አለበለዚያም ያለፈውን ጽሑፍ በሚይዘው «ቲመክስ» ውስጥ ይሥሩ።

እንደ ሚድናይት ኮማንደር ያሉ አንዳንድ የጽሑፍ ገጽ ፕሮግራሞች ማውሱን በቀጥታ ከጂፒኤም ይቀበላሉ፤ ፋይሎቹንና ምናሌዎቹን ጠቅ ማድረግ ይቻላል። በእነዚህ ውስጥ ጽሑፍ መምረጥ ሲያሻዎት ሺፍት ተጭነው ይጎትቱ፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ይታለፍና የተለመደው ምርጫ ይሠራል። ጂፒኤም የሚሠራው በማሽኑ በራሱ ኮንሶል ላይ ብቻ እንደሆነም ያስታውሱ። በኤስኤስኤች ከሩቅ ሲገቡ፣ ወይም በዴስክቶፑ ውስጥ የተርሚናል መስኮት ሲከፍቱ፣ ማውሱን የሚያስተናግደው ከፊትዎ ያለው መስኮት ስለሆነ ጂፒኤም ቦታ የለውም።

በኮንሶሉ የተመረጠው ጽሑፍም ወደ ዴስክቶፑ ክሊፕቦርድ አይሻገርም። እኔ የምሻገረው እንዲህ ነው፦ በኮንሶሉ ላይ «ካት» ብዬ፣ የትልቅነት ምልክቷን አስከትዬ የአዲስ ፋይል ስም እጽፋለሁ፣ ኢንተር እጫናለሁ፤ የመረጥኩትን በጎማው እለጥፋለሁ፤ እንደገና ኢንተር ተጭኜ በኮንትሮልና ዲ እዘጋለሁ። ወደ ዴስክቶፑ ስመለስ ፋይሉን በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ እከፍተዋለሁ። በኮንሶሉ ላይ አማርኛ በሳጥን ተተክቶ የሚታይባቸው ሰዎች በደቢያን ላይ «ሱዶ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ኮንሶል-ሴታፕ» ብለው ከሚቀርበው የፊደል ዝርዝር የኢትዮጵያን ፊደል መምረጥ ይችላሉ፤ የኮንሶል ፎንት ከ512 ቅርጽ በላይ ስለማይዝ ከዴስክቶፑ ጋር የሚወዳደር ውበት ግን አይጠብቁበት።

ዴስክቶፑን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም፤ በሥዕላዊ ማስተካከያው የማይፈታ ነገር ጥቂት ነውና። ማወቅ የሚያስፈልገው ዴስክቶፑን በስክሪኑ ላይ ከሚያሳዩት ሁለት ሥርዓቶች የሚሠሩት በኤክስ ይሁን በዌይላንድ ነው። «ኤኮ» ብለው፣ የዶላር ምልክት አስከትለው፣ በትላልቅ ፊደላት «ኤክስዲጂ_ሰሽን_ታይፕ» ብለው ቢጽፉ መልሱን ያገኛሉ። በኤክስ ላይ «ኤክስኢንፑት ሊስት» የተሰኩትን መሣሪያዎች ይዘረዝራል፤ በዚያው ትእዛዝ ፍጥነትንና የቁልፍ አቀማመጥን መለወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ከገጹ ሲወጡ ይጠፋል። ቋሚ እንዲሆን ከፈለጉ «/ኢቲሲ/ኤክስ11/ኤክስኦርግ.ኮንፍ.ዲ» በተባለው ማኅደር ውስጥ አነስተኛ ፋይል ይጻፉ፤ የኤክስ11 ኤክስ ትልቁ ፊደል ነው። በዌይላንድ ላይ ኤክስኢንፑት እውነተኛውን ማውስ ስለማያይ አይድከሙበት፤ ማስተካከያው በዴስክቶፑ እጅ ነው። በሁለቱም ዘንድ ከሥር ሆኖ የሚያነበው ሊብኢንፑት ሲሆን፣ የፍጥነት መለኪያው ከ-1 እስከ 1 ይዘልቃል፤ ዜሮ መካከሉ ነው። የጂፒኤም ቁጥር ከዚህ ጋር ዝምድና ስለሌለው፣ ሁለቱን የሚያስተካክለው የእጅዎ ስሜት ብቻ ነው።

በኮንሶሉ ላይ ጠቋሚው ወደ ጥግ እየተወረወረ፣ ያልመረጡት ጽሑፍም በራሱ እየተለጠፈ ቢያስቸግር፣ ጂፒኤም ማውሱን በማያውቀው ቋንቋ እያነበበው ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚመጣው በ«ዲቫይስ» መስመር ላይ «ኢቨንት» የሚል ስም ያለው ቦታ ተጽፎ «ታይፕ» ግን «ኢኤክስፒኤስ2» ሆኖ ሲቀር ነው፤ ወደ «/ዴቭ/ኢንፑት/ማይስ» ይመልሱት። ጠቋሚው ጨርሶ ካልታየ መጀመሪያ «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ጂፒኤም» ብለው አገልግሎቱ መነሣቱን ይመልከቱ። ተነሥቶ ከሆነ «ሱዶ ካት /ዴቭ/ኢንፑት/ማይስ» ብለው ማውሱን ያነቃንቁ፤ የተዘበራረቁ ምልክቶች ከፈሰሱ ከርነሉ ማውሱን እያየው ነው፣ ጥፋቱም ከጂፒኤም ማስተካከያ ነው። በኮንትሮልና ሲ ያቁሙት፤ ገጹ ተበላሽቶ ከቀረ «ሪሴት» ብለው ይጻፉ። ምንም ካልፈሰሰ፣ ወይም ቦታው ራሱ ከሌለ፣ «ሱዶ ሞድፕሮብ ማውስዴቭ» ይበሉና መሰኪያውን ለውጠው እንደገና ይሞክሩ። ኮንሶሉ ላይ እየሠራ ዴስክቶፑ ላይ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ፣ ከድሮ ማሽን የተገለበጠ «ኤክስኦርግ.ኮንፍ» በ«/ኢቲሲ/ኤክስ11» ውስጥ ተደብቆ እንደሆነ ይፈትሹ፤ «ጂፒኤምዳታ» የሚል መስመር ካገኙበት የፋይሉን ስም ቀይረው ኮምፒዩተሩን እንደገና ያስነሡ።