ሞዴል ጉባኤ ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በመሀል አዲስ አበባ የሚገኝ የትምህርት ቤት ክበብ የአፍሪካ ኅብረትን ጉባኤ በተማሪዎች ማስመሰል ቢፈልግ የኅብረቱ ዋና መሥሪያ ቤት ቅርቡ ነው። ዝግጅቱ ግን በቀላሉ ወደ ንግግር ውድድር ይለወጣል።

የመጀመሪያው ስህተት ደንብ ማደባለቅ ነው። የኅብረቱ የሰላምና ፀጥታ ምክር ቤትም የተመድ የፀጥታው ምክር ቤትም 15 አባላት ስላሏቸው ይምታታሉ። በተመድ 5 ቋሚ አባላት ቬቶ፣ ማለትም ውሳኔን ብቻቸውን የማስቀረት መብት፣ አላቸው፤ ውሳኔ ለማጽደቅ ቢያንስ 9 የድጋፍ ድምፅ ያስፈልጋል። በኅብረቱ ቋሚ አባልም ቬቶም የለም። መጀመሪያ መግባባት ይሞከራል፤ ካልተሳካ ዋና ጉዳይ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወሰናል። የግጭቱ ተካፋይ የሆነ አባል ደግሞ በውይይቱም በውሳኔውም ቦታ የለውም። ስለዚህ ተጋጪዎቹን ከ15ቱ ውጭ አድርጓቸው፤ ቀርበው ያስረዱና ይውጡ።

ለአንድ አገር ሁለት ተማሪ ሲመደብ 30 ይሆናል። ክፍሉ 50 ከሆነ የቀሩት ተመልካች እንዳይሆኑ፤ ተጋጪ ወገን፣ አደራዳሪ፣ ጸሐፊና ጋዜጠኛ ይሁኑ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ልዑካኑን ያለ መመሪያ ማስገባት ነው። መመሪያ የሌለው ተማሪ «ሰላም ይስፈን» ብሎ በአሥር ደቂቃ ይስማማል፣ ወይም እስከ መጨረሻው ይጨቃጨቃል። ለእያንዳንዱ ልዑክ ሌላው የማያየው ግማሽ ገጽ ስጡት፤ የሚፈልገው፣ የሚለቀው፣ ከቶ የማይቀበለው ይጻፍበት። ለምሳሌ በድልድይ ለተጣሉ ሁለት ምናባዊ አገሮች የአንዱ ወረቀት «የድንበሩ ገበያ እንዲከፈት ትፈልጋላችሁ፤ ለዚህ ታዛቢ ብትቀበሉ ይፈቀዳል፤ የውጭ ወታደር ግን ድልድዩን አይሻገርም» ይላል። የሌላው ደግሞ ታዛቢ እንዲገባ ይፈልጋል፤ ገበያውን መክፈትም አይከብደውም። ስምምነቱ እዚህ ተደብቋል፤ የሚገኘው ግን ሲጠያየቁ ብቻ ነው። ከመታደሉ በፊት ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ መግባቢያ ነጥብ መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ጉባኤው ከመጀመሩ በፊት ወድቋል።

ምናባዊ ያልነው በምክንያት ነው። የተማሪ ቤተሰብ በተጎዳበት፣ ገና ባልበረደ ግጭት ላይ ልጆችን «አንተ የዚህ ወገን ነህ» ብሎ መመደብ ክፍሉን ራሱን ይከፍላል። እውነተኛ ታሪክ ካማራችሁ በ1963 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ አንድነት አካሄድ የተለያዩት የካዛብላንካና የሞንሮቪያ የአገሮች ቡድኖች አዲስ አበባ ላይ ተገናኝተው አንድ ቻርተር፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መመሥረቻ፣ ላይ የደረሱበትን ድርድር ውሰዱ።

ጊዜም ይባክናል። ለሦስት ሰዓት ዝግጅት መክፈቻና ንግግር 25 ደቂቃ ይበቃል፤ ለአንድ አገር ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይለፍ። ወንበር ለቅቀው የሚመካከሩበት 70፣ ረቂቅ መጻፊያ 30፣ ድምፅ መስጫ 15፣ ከጉባኤው በኋላ የሆነውን መለስ ብሎ ለመወያየት ማብራሪያ 40 ይሁን። «ሥነ ሥርዓት!» እያለ እጅ የሚያወጣ ልጅ የትም አይጠፋም፤ ሰብሳቢው ለአንድ ልዑክ ሁለት ጊዜ ብቻ ይፍቀድ።

ረቂቁ ላይ «ተኩስ ይቁም» ብቻ ከተጻፈ ጸሐፊው ይመልሰው። ማን፣ እስከ መቼ፣ ማን ያረጋግጣል? «ሁለቱም ወገኖች በ10 ቀን ውስጥ ጦራቸውን ከድልድዩ 5 ኪሎ ሜትር ያርቃሉ፤ ታዛቢ ቡድኑ በ11ኛው ቀን አይቶ ሪፖርት ያቀርባል» የሚል ዓረፍተ ነገር ያከራክራል፤ ክርክሩም ትምህርቱ ነው።

እንግሊዝኛን ብቻ ማስገደድ የሚናገሩትን ልጆች ቁጥር ወደ አምስት ያወርደዋል። ምክክሩ በአማርኛ፣ ሰነዱ በእንግሊዝኛ ቢሆን ይሻላል።

ሽልማትም ብዙ ላወራ አይሰጥ። በማብራሪያው ሰዓት የአገር ስም ሰሌዳው ከጠረጴዛ ይነሳ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ልዑክ አቋሙን ያስለወጠው ማን እንደሆነና በምን እንደሆነ ይናገር። ስሙ ደጋግሞ የሚጠራው ልጅ ይሸለም።